ሰባት እጅ የተቀባ የጥንቸል ቤት

ሰፈሩ «መስታወት» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት ጠረጴዛ ያሠራ አንድ ደንበኛ ነው። ሥራውን ሊረከብ መጥቶ ጎንበስ ሲል የገዛ ፊቱን ጠረጴዛው ላይ አየና፣ «ሰውዬ፣ እኔ ያዘዝኩህ ጠረጴዛ ነው፣ ይሄ መስታወት ነው» አለው። ይህ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፏል። ዛሬ እውነተኛ ስሙን የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሥራው እንጨት ማጥራት ነው። አናጢ አይደለም፤ አናጢ ሲሉት ይከፋዋል። አናጢ ገጣጥሞ የሚያመጣለትን ሸካራ ነገር ሰው የሚያደርገው እሱ ነው። በሸካራ ወረቀት ይፈትገዋል፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ያነሳል፣ ቫርኒሹን በቲነር አቅጥኖ አንድ እጅ ይቀባል፣ ያደርቃል፣ እንደገና ይፈትጋል፣ እንደገና ይቀባል። ሌላው ሦስት እጅ ቀብቶ ያስረክባል፤ መስታወት ግን ከአምስት በታች እጁን አይሰበስብም።

የዚህ ሥራ ጠላቱ አቧራ ነው። ባልደረቀ ቫርኒሽ ላይ አንዲት ብናኝ ካረፈች የሁለት ቀን ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ መስኮት አይከፈትም። የፊተኛው ክፍል መሥሪያው፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያለው መኖሪያው፣ ከዚያ ወዲያ ያለችው ጠባብ ክፍል መኝታው ናት፤ ሦስቱም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። ሚስቱ በሕይወት ሳለች በዚያ መስኮት የተነሳ ሳይነታረኩ ያለፈ ሳምንት አልነበረም። እሷ ትከፍታለች፣ እሱ ይዘጋል። «አንተ ሰውዬ፣ ትደፋናለህ» ትለዋለች፤ «አድሮ ይጠፋል» ይላታል። ለደንበኞቹም የሚላት ቃል ይህችው ናት፤ አድሮ ይጠፋል።

ስለ አፍንጫው የራሱ ቀልድ ነበረው። «ዓይኔና እጄ ሥራ ላይ ናቸው፣ አፍንጫዬ ግን ጡረታ ወጥቷል» ይል ነበር። መቼ እንደወጣ ቢጠይቁት አያውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ መጀመሪያ የሳሙናው ሽታ ሄደ፣ ቀጥሎ የዝናቡ፣ ቀጥሎ የምግቡ። ድስት ሲያርበት ጭሱን በዓይኑ ካላየ አያውቅም፤ ጨው እየጨመረ ይበላል፣ ይስቃል። ጎረቤቶቹም እቤቱ አይገቡም፣ በር ላይ ቆመው ሰላም ብለው ይሄዳሉ። እሱ ወለሉ እንዳይጫርበት አክብረውት ይመስለዋል። እንዲያውም ኩራት ይሰማው ነበር።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የኔ የሚላት አንዲት ልጅ ናት ያለችው። አሥር ዓመቷ ነው፤ «ዶቃዬ» ይላታል። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ የምትኖረው የእናቷ ታናሽ እህት ዘንድ ነው። ዋርሳው፣ «ለትምህርት ቤቷ ይቀርባታል፣ ደግሞም ሴት ልጅ ናት» ብላ ስትወስዳት አልተቃወመም፤ ሐዘን ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ብሎ ይቃወማል። የጥቂት ወር ነገር መስሎት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። መጥታ ግን ቤት አትቀመጥም። «አባዬ፣ ውጪ እንሁን» ትላለች፤ በዝናብም በፀሐይም ውጪ። እንደምንም ብሎ ካስገባት ጥቂት ቆይታ ማሳል ትጀምራለች፣ ዓይኗ ይቀላል፣ «አክስቴ ትጠብቀኛለች» ብላ ሳይመሽ ትነሳለች። መስታወት ይህን ሁሉ የፈታው በአንድ መንገድ ነው፤ እናቷ የሞተችበት ቤት ስለሆነ እንባዋ ይመጣባታል፣ እንባዋን ደግሞ በሳል ትሸፍነዋለች። አይ የሰው ነገር፤ ሲፈታም የሚያመውን መርጦ ነው የሚፈታው። እሷ ከሄደች በኋላ ስንት ቅዳሜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንደተቀመጠ እሱና ግድግዳው ያውቃሉ።

እንዲህ ሲሉ ኖረው፣ አንድ ሰሞን ዱብ ዕዳ መጣ። የዋርሳውን ባል መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ አዛወረው፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን የሚያስኬድ አገር ነው። ቤተሰቡ በወሩ መጨረሻ ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ሆነ።

«ልጅቷስ?» አለ መስታወት።

«እሷው ትወስን። ከኔ ጋር ብትሄድም ልጄ ናት፣ ካንተ ጋር ብትቀርም ልጅህ ናት» አለች ዋርሳው። ይህን ስትል ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ነበር፤ እሱ ግን ልብ አላለውም። ልቡ ያለው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነበር፤ ከወሩ መጨረሻ በፊት ይህችን ልጅ ወደ ቤቷ መመለስ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ዶቃ እንደ ልማዷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታወዛውዝ ቆየችና፣ «አባዬ፣ እዚህ ቤት ጥንቸል ብትኖር ጥሩ ነበር» አለች።

«የምን ጥንቸል?»

«ትንሽዬ። ጡረታ የወጡት መምህርት ጋ አምስት ተወልደዋል። ጥንቸል ያለበት ቤት ባዶ አይመስልም።»

 «ጥንቸል ካመጣሁ ትቀሪያለሽ?» አላት።

ልጅቷ የኮቱን ቁልፍ ይዛ ታሽከረክር ጀመር። ዝምታ የፈለጉትን የሚጽፉበት ወረቀት ነው፤ እሱ «እሺ» የሚለውን ጻፈበት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሽር ጉድ ምኑን ልንገራችሁ። ሠርግ ቤት ይመስል ላይ ታች አለ። ዶቃ የደብተር ገጽ ገንጥላ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ሰጠችው። ድርቆሽ ቀንም ሌትም ከፊቷ አይጥፋ። ውሃ ጠዋትና ማታ ቀይርላት። ጆሮዋን ይዘህ አታንሳት፣ ከሥር ደግፋት። ጣፋጭ ነገር እንዳታበዛባት፤ ብትለምንህም እንዳታዝንላት። ሲደብራት አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ በል፣ ራሷ ትመጣለች። መስታወት ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ እንደ ጸሎት ይደግመው ገባ። «ይህች ልጅ አለቃዬ ሆነች» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል።

ድርቆሽ ከከብት አርቢዎች በጆንያ አመጣ። ሸክላ ሳህን ገዛ፤ ፕላስቲክ ትቆረጥመዋለች ብለውት ነው። የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ሁሉ ከወለል አንስቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። ቀጥሎ ወደ ቤቷ ዞረ። አናጢ ወዳጁ ባለ ሁለት ክፍል ሳጥን ገጠመለት፤ አንደኛው መኝታ፣ ሁለተኛው በወንፊት ሽቦ የተሸፈነ መናፈሻ፣ በመሀል ክብ መግቢያ። አናጢው እንጨቱን እንዳለ ሊያስረክብ ሲል መስታወት ሳቀበት። «ራቁቱን? ከኔ ቤት?»

አንድ ሳምንት ሙሉ የሰው ሥራ አስቀምጦ ሳጥኑን አጠራ። አምስት እጅ ቀባ፤ ልቡ አልሞላም። ስድስተኛ ጨመረ። ሰባተኛውን ሲጨርስ እንጨቱ የሚጠጣ ማር መሰለ። ለሚኒስትር ጠረጴዛ እንኳን ሰባት እጅ ቀብቶ አያውቅም።

አሁን የቀረችው ጥንቸሏ ነበረች። እዚህ ላይ መምህርቷ አንድ ደንብ አላቸው፤ ጥንቸሏ የምትኖርበት ቦታ እሳቸው ራሳቸው ሩብ ሰዓት ካልተቀመጡበት በቀር ለማንም አይሰጡም። ሰዉ ይስቅባቸዋል፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፣ ደንቡን ግን አይለቁም። ሐሙስ ከሰዓት ሊመጡ ተቀጠረ።

መስታወት እንግዳ ሲመጣበት የሚያውቀው መስተንግዶ አንድ ነው። ረቡዕ ሲነጋ ተነስቶ ወለሉን፣ በሩን፣ የመስኮቱን ክፈፍ፣ የተገኘውን እንጨት ሁሉ አዲስ እጅ ቀባ። መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋ፣ አቧራ እንዳይገባ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፈ።

መምህርቷ በሰዓታቸው መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሴት ናቸው። በሩን ሲከፍትላቸው ቆም አሉ።

«ይግቡ እንጂ፣ መምህርት።»

«እገባለሁ» አሉ። ግን ወዲያው አልገቡም፤ መሐረባቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

ሳጥኑን ሲያዩ ግን ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። «ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ የጥንቸል ቤት አላየሁም። ስንት እጅ ነው?»

«ሰባት» አለ መስታወት፣ አፉን ሞልቶ።

«ልጄ፣ ጥንቸል ቤቷን እንደምትበላ ታውቃለህ? ጥርሷ በየቀኑ ያድጋል፤ እንጨት ካልፋቀችበት አፏ አይገጥምም። መጀመሪያ የምትጀምረው ከማዕዘኑ ነው። ከማዕዘኑ ጋር ሰባቱንም እጅ ትበላዋለች።»

መስታወት ክው አለ። ቢሆንም ሠራተኛ ሰው ነውና «እፍቀዋለሁ፣ በአንድ ቀን ራቁቱን አስቀረዋለሁ» አላቸው። ወንበር አቀረበላቸው።

«የለም፤ የጥንቸል አፍንጫ ከወለሉ አንድ ስንዝር ነው» አሉና በዚያ ዕድሜያቸው እግራቸውን አጥፈው መሬት ተቀመጡ።

እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ጥቂት ደቂቃ አለፈ። መምህርቷ መሐረቡን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ውሃ አቀረረ። ሩብ ሰዓቱ ገና ግማሽ ሳይደርስ እጃቸውን ወደሱ ዘረጉና «አንሳኝ» አሉት፤ ደግፎ እስከ በሩ አደረሳቸው። ውጪ ወጥተው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

«ምን ነካዎት መምህርት? ደም ግፊት ነው?»

«ሽታው ነዋ፣ ልጄ።»

«አድሮ ይጠፋል» አለ፣ አፉ ለምዶበት።

ሴትዮዋ ትክ ብለው አዩት። የሚቀልድ መስሏቸው ነበር፤ ፊቱን ሲያዩት እንደማይቀልድ ገባቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይሄ ያደረ አይደለም፣ የኖረ ነው። ግድግዳው ይዞታል፣ መጋረጃው፣ ፍራሹ ይዞታል። ደግሞ የቲነር ትነት ከባድ ነው፣ ወደ ታች ነው የሚተኛው። አንተ ቆመህ ስለምትሠራ ነው የቻልከው። እታች ያለ ትንሽ ነገር አይችለውም። የጥንቸል ሳንባ የጣት ያህል ነው። ልሰጥህ አልችልም፤ ይቅር በለኝ።»

ሄዱ። መስታወት በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እታች ያለ ትንሽ ነገር። ዶቃ ትንሽ ልጅ ሳለች እዚያ ወለል ላይ በሆዷ ተኝታ ነበር ሥዕል የምትሠራው። የሱን እግር ትሥል ነበር፤ ከዚያ የሚታያት እግሩ ብቻ ነበርና። ከጉልበቱ በላይ የሌለው ሰው ብሎ ስንት ጊዜ ስቆባት ነበር። 

በሩን ሳይዘጋ በእግሩ ወደ ዋርሳው ቤት ሄደ። ዕቃ በካርቶን ስታሽግ አገኛት። ልጅቷ ትምህርት ቤት ነበረች።

«ቤቴ ይሸታል?» አላት፣ ሰላምም ሳይል።

የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ ብላ አስቀመጠች። «ጋሼ፣ አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነው የምትጠይቀኝ።»

«ሳሏስ?»

«ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ከዚያ ቤት አውጧት አለ። የዛሬ ሦስት ዓመት። ለዚህ ነው የወሰድኳት።»

«ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ አፋችሁ ተለጉሞ ነበር?»

«አትቆጣኝ። ልጅህ አስማለችን። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ለቅሶ ላይ ነን፤ ጉልበቴን ይዛ፣ አባዬ ካወቀ ሥራውን ይተዋል፣ ሥራውን ከተወ ደግሞ ምንም አይቀረውም አለችኝ። ምን ላድርግ? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ተቆጣ። በዋርሳው ተቆጣ፣ በር ላይ ቆመው ሰላም እያሉት በሚሄዱት ጎረቤቶች ተቆጣ፣ «እጅህ ይባረክ» እያሉ ትንፋሻቸውን ይዘው በሚወጡት ደንበኞች ተቆጣ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳን፣ «ሰውዬ፣ ልጅህን እየጎዳሃት ነው» የሚል ጠፋ። ቀጥሎ ቁጣው ወደ ራሱ ዞረ። የነገረችው አንዲት ነበረች እኮ፤ መስኮት ስትከፍትበት፣ ሲዘጋባት።

«እህትሽንስ…» ብሎ ጀመረ፤ ሊጨርሰው አልቻለም።

«ሐኪሙ ኩላሊት ነው ብሎሃል። እዚያ ላይ ምንም አትጨምርበት» አለች ዋርሳው። ግን እሷም ስትናገር አላየችውም። ይህን ጥያቄ መስታወት እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞት ይኖራል፤ መልስ የሚሰጠው የለም።

ዓርብ ጠዋት መስኮቱን ከፈተ። የቫርኒሹን ቆርቆሮ፣ ቲነሩን፣ ብሩሹን ሁሉ አውጥቶ አናጢው ግቢ ጥግ አስቀመጠ፤ አናጢው «እዚሁ ሥራ» አለው፣ ምንም አልጠየቀውም። ተመልሶ ሲገባ የመንገዱ አቧራ ገብቶ አንድ ያልደረቀ ቁም ሳጥን ላይ አርፎ ነበር። ቆሞ አየው። ፍራሹን አውጥቶ ደበደበ፣ መጋረጃውን በሳሙና አጠበ። ከዚያ እንደ ሞኝ በየጥጉ እየሄደ ያሸት ጀመር። ምንም የለም። ለሱ እኮ ሁልጊዜም ምንም አልነበረም። ቤቱ ይጽዳ አይጽዳ በራሱ አፍንጫ ሊያውቀው እንደማይችል ገባው፤ ሌላ ሰው መጥቶ እንዲነግረው ካልለመነ በቀር። መምህርቷን ሊጠይቅ ሄደ። «ሥራውን ካወጣህ፣ መስኮቱ ቀንም ሌትም ከተከፈተ፣ የስድስት ወር፣ የዓመት ነገር ነው» አሉት። ወሩ ሊያልቅ የቀረው ስምንት ቀን ነበር።

ቅዳሜ ዶቃን ቤት ድረስ እንድትመጣ አላደረጋትም። መንገዱ ጫፍ ላይ ጠበቃትና ከመንገዱ ማዶ ካለው ዝቅ ያለ አጥር ላይ ተቀመጡ።

«ጥንቸሏ መጣች?» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«ዶቃዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እውነቱን ንገሪኝ። ቤታችን ይሸታል?»

ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ። «ትንሽ» አለች።

«ዶቃ።»

«በጣም» አለችና ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ግን እወደዋለሁ፣ አባዬ። እኔ እኮ እወደዋለሁ። ደረቴ ነው የማይወደው።»

መስታወት የያዘው እንባ አመለጠው። ሰው ያልፋል አላለ፣ ያውቁኛል አላለ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሲበርድለት «ጥንቸሏም አትችለውም አሉኝ መምህርቷ» አላት።

ዶቃ ቀና አለች። «ጥንቸልም አትችለውም?»

«ማንም አይችለውም።»

«እኔ ደረቴ የተበላሸ ስለሆነ ብቻ መስሎኝ ነበር» አለች።  ሦስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን በራሷ ደረት ላይ ተሸክማ ኖራለች ለካ።

«ደረትሽ ምንም አልሆነም። የተበላሸው ቤቱ ነው። አጸዳዋለሁ፣ ጊዜ ግን ይፈጃል።»  ለሦስት ሳምንት ሲያዘጋጅ የከረመው ሌላ ቃል ነበር፤ አሁን ግን የወጣው ይሄ ነው። «ከአክስትሽ ጋር ሂጂ። እኔ ነኝ ሂጂ ያልኩሽ። ጥንቸሏንም መምህርቷን ለምኜ ይዘሻት እንድትሄጂ አደርጋለሁ።»

«ጥንቸሏ የኔ አይደለችም እኮ» አለች ዶቃ።

«ታዲያ የማን ናት?»

«ያንተ። ከአክስቴ ጋር እንደምሄድ ለራሴ ከወሰንኩ ቆየሁ፤ መናገር ነው ያቃተኝ። ስሄድ ብቻህን እንዳትሆን ብዬ ነው።»

 ልጅቷ ተጠግታ ራሷን ትከሻው ላይ ጣለች። ሦስት ዓመት የናፈቀው ይህ ነበር። ወዲያው ግን የለበሰው የሥራ ኮቱ መሆኑ ትዝ አለውና አንድ ስንዝር ራቅ አለ። እሷ ተጠጋች። እሱ ደግሞ ራቀ።

«አባዬ፣ ለምን ትሸሸኛለህ?»

መስታወት ኮቱን አወለቀ። ሸሚዙንም ማመን አልቻለም። ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ አነሳና የነፋሱን አቅጣጫ ለካ። «ነፋሱ ከኔ ወደ አንቺ ነው» አላት። ተነሳና ዞሮ በሌላኛው ጎኗ፣ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ተቀመጠ፤ አክስቷ መጥታ እስክትወስዳት ድረስ ከዚያው ሆኖ አወራት።